ንብ የሚያመጣ ሰው ፍለጋ ወደ ቼንቻ

አርባ ምንጭ ላይ የሸሚዙን እጅጌ የሰበሰበ መንገደኛ ቼንቻ ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ካለው ሙቀት ተነስቶ 2,700 ሜትር ላይ ወዳለው ብርድ ይወጣል። ታች የሙዝና የማንጎ አገር ነው፤ ላይ ደግሞ የእንሰት፣ የገብስ፣ የድንችና የአፕል። መንገዱ ሲጠማዘዝ ዞር ብሎ ለተመለከተ ሰው አባያና ጫሞ ሐይቆች፣ በመካከላቸውም “የእግዜር ድልድይ” የሚባለው የመሬት ጉብታ ከታች ተዘርግተው ይታያሉ። መኪና አቁሞ ፎቶ የማይነሳ የለም። እኔና ባለቤቴ ግን ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ በዚህ መንገድ የወጣነው ለሽርሽር አልነበረም። ለአማቴ አሮጌ የአፕል ዛፎች ንብ የሚያመጣ ሰው ለመፈለግ ነበር።

ባለቤቴ የሽሮ ሜዳ ልጅ ናት። አባቷ እንደ ብዙዎቹ የጋሞ ልጆች በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መጥተው ሽመና ሠርተው ልጆች አሳድገዋል። ጉልበታቸው ሲደክም የአባታቸውን መሬት ሊጠብቁ ወደ ቼንቻ ተመለሱ። መሬቱ ላይ 40 የሚሆኑ የአፕል ዛፎች አሉ። የተከሏቸው የባለቤቴ አያት ሲሆኑ፣ ዛፎቹ በዕድሜ እኔንም እሷንም ይበልጡናል።

አፕል ወደዚህ ደጋ የመጣው ከአሥርት ዓመታት በፊት በሚሲዮናውያን እጅ ነው። ዛሬ ቼንቻ ሲባል ከዶርዜ ሽመናና ከቀርከሃው ቤት ቀጥሎ የሚነሳው አፕሉ ነው። ገበሬው ፍሬውን ብቻ ሳይሆን እያዳቀለ ያፈላውን ችግኝ ለሌሎች ደጋማ አካባቢዎች በመሸጥም ኑሮውን አሻሽሏል። አማቴም በደህናው ጊዜ ከአፕሉ በሚያገኙት ገንዘብ የቤታቸውን ጣሪያ ቆርቆሮ አልብሰዋል፤ የመጨረሻ ልጃቸውንም አስተምረዋል። ለእኛም በየክረምቱ አንድ ካርቶን ይልኩልን ነበር።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ካርቶኑ ግማሽ ሆነ፤ ከዚያም ቀረ። ስንጠይቃቸው “አበባውማ ያብባል” ይሉናል በስልክ። “ዛፉ ነጭ ለብሶ ሠርግ ይመስላል። ግን እንግዳ አይመጣለትም።”

የመጨረሻው ልጅ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ ነገሩ ሰልችቶታል። ዛፎቹ አርጅተዋልና ተቆርጠው ባሕር ዛፍ ይተከል ባይ ነው። ባሕር ዛፍ ውሻ አያባርርም፣ ጥበቃ አይፈልግም፣ በጥቂት ዓመት አጠና ሆኖ ይሸጣል። በሒሳብ ከሄድን ልጁ ተሳስቷል ለማለት ይከብዳል። አማቴ ግን የአባታቸው እጅ ያረፈበትን ዛፍ በመጥረቢያ መንካት አልሆነላቸውም። “አንድ ዓመት ስጡኝ” አሉ። እኛም የሄድነው ለዚያ ዓመት ነው።

በደረስን ማግስት ጠዋት አማቴ ካለፈው ክረምት ያስቀሯቸውን ጥቂት አፕሎች በሰፌድ አቀረቡ። አንዱ ጎኑ አብጦ ሌላው ጎኑ የሟሸሸ፣ ፊቱን ያዞረ የሚመስል ፍሬ ነው። በቢላዋ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን በወገቡ ላይ ቆረጡት። እንዲህ የተቆረጠ አፕል መሃሉ ላይ ኮከብ ያሳያል። ኮከቡ አምስት ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱ ክፍል ብዙውን ጊዜ ሁለት ዘር ይኖራል፤ ሁሉም ሲሞላ አሥር ይሆናል። የአማቴ አፕል ውስጥ የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ፍሬው ያበጠው ዘር ባለበት በኩል ነው፤ ባዶ በሆነው በኩል አላደገም። አንባቢያን ቤታችሁ ባለው አፕል ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አብዛኛው የአፕል ዓይነት በራሱ ዱቄት ፍሬ አይዝም። ከሌላ ዓይነት አፕል አበባ የመጣ ዱቄት ያስፈልገዋል። የአፕል ዱቄት ደግሞ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ እንደ በቆሎ አይበትነውም። ተሸካሚ ይፈልጋል፤ ዋናው ተሸካሚም ንብ ነው። የአማቴ አባት ዓይነቶቹን እያፈራረቁ ነው የተከሉት፤ ስለዚህ ዱቄቱ አለ። የጠፋው የሚያደርሰው ነው።

“ድሮስ?” አልኳቸው።

“ድሮ ንብ ማን ፈልጎ ያውቃል?” አሉ። “እዚያ ማዶ ትልቅ ኮሶ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ የንብ መንጋ ይኖር ነበር። የእኛም የጎረቤትም አልነበረም። ዛፉ ወደቀ፤ ንቡም ሄደ። ቀፎ የሚሰቅሉ ሽማግሌዎችም ነበሩ፤ እነሱም አለፉ። አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው በጀርባው መርጫ ተሸክሟል።”

ፍለጋውን ከታች ጀመርን። ዘመናዊ ቀፎ ያላቸው አናቢዎች አርባ ምንጭ አካባቢ እንዳሉ ሰምተን ስለነበር ተመልሰን ወረድን። በሰው በሰው ያገኘነው ወጣት አናቢ በሚገባ አስተናገደን። ሐሳባችንን ሰምቶ ሲጨርስ ግን ራሱን ነቀነቀ። “የእኔ ንብ ሙቀት ለምዷል። ላይ ጭጋግ አለ፣ ውርጭ አለ። ብወስደው ወይ ቀፎው ውስጥ ተሸብቦ ይቀመጣል፣ ወይ ጥሎ ይሄዳል” አለን። የእኛ አገር ንብ ካልተመቸው ቀፎውን ጥሎ በመኮብለል የታወቀ ነው። በብርድ ቀን ንብ ከቀፎው አይወጣም፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ከፍ ካላለ እምብዛም አይሠራም። ወጣቱ ያልገባን ሌላ ነገርም ነገረን። በሌላ አገር የአፕል አበባ በአንድ ጊዜ ይፈነዳና ቀፎ በመኪና አምጥቶ፣ ለሳምንት ሁለት ሳምንት አቁሞ መመለስ ይቻላል። ክረምቱ እንደ አውሮፓ በማይበርድበት አገር ግን አንዱ ዛፍ ሲያብብ ሌላው ገና ነው። “እናንተ የሚያስፈልጋችሁ እንግዳ ንብ አይደለም፤ ነዋሪ ንብ ነው። የደጋ አናቢ ፈልጉ” ብሎ ሸኘን።

የደጋ አናቢ ግን በአድራሻ አይገኝም። አማቴ “ማር ካለበት ሂዱ” አሉን፤ እውነታቸውን ነው። በገበያ ቀን የቼንቻ ገበያ ቆጮ፣ ድንች፣ ገብስ፣ ጥጥና ፈትል፣ ሸክላና ቀርከሃ የሚሸጥበት ነው። ጥግ ላይ ማር የያዙ ሴቶች ተቀምጠዋል። ባለቤቴ በጋሞኛ “ሳሮ” ብላ ሰላምታ ሰጠችና ዋጋ ሳትጠይቅ ማሩ ከየት እንደመጣ ጠየቀች። ማር ሻጭ ዋጋ ሲጠይቋት ትከራከራለች፤ ስለ ማሩ አገር ሲጠይቋት ግን ታወራለች። ሁለቱ ከነጋዴ እንደገዙ ነገሩን። ሦስተኛዋ የእህቷ ባል የቆረጠው መሆኑን፣ ቤቱም በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ መሆኑን ተናገረች። ነጠላዋን አስተካክላ “ግን እሱ ለማንም ንብ አይሰጥም” አለች። እኛም ግማሽ ኪሎ ገዝተን መልእክት ሰደድን።

በሦስተኛው ቀን መጣ። ዕድሜው 50ዎቹን ያጋመሰ፣ ቀጭን፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው። ጋሼ እያልኩ ነው ያነጋገርኩት። አማርኛውን ሽሮ ሜዳ ለሁለት ዓመት ሲሸምን እንደተማረው ነገረኝ፤ አማቴም ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ። ቡና ቀረበ። አማቴ የማሩን ክፍፍል አስቀድመው ቆርጠው ነበርና “እኩል እንካፈላለን፤ መሬቱ የእኔ፣ ንቡ ያንተ” አሉ።

አናቢው ስለ ማሩ ምንም አልመለሰም። ቡናውን ጠጥቶ ሲጨርስ “አጥሩን አሳዩኝ” አለ።

እኔ ዛፎቹን የሚያይ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ዛፎቹን በአንድ ዓይኑ አልፎ አጥሩን ዙሪያውን ዞረ። የወንዙን ውሃ አየ፤ ንብ በቅርብ ውሃ ይፈልጋል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ የጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የት እንደምታርፍ ጠየቀ። ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበትን መንገድና ፈረስ የሚታሰርበትን ቦታ አየ። በመጨረሻም በምሥራቅ በኩል ካለው የድንች ማሳ ጫፍ ላይ ቆመና “ይህ የማን ነው?” አለ።

ዝምታ ሆነ። የባለቤቴ ወንድም የጎረቤቱን ስም ጠራ። አማቴ ፊታቸውን አዞሩ።

“ምን ይረጫል? መቼ ይረጫል?” አለ አናቢው።

መልስ የሚሰጥ አልነበረም። አማቴና ጎረቤታቸው ከተነጋገሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ምክንያቱ ድንበር ላይ ያለ ባሕር ዛፍ ነው። የባለቤቴ ወንድም የተከላቸው ዛፎች ጥላቸው ጎረቤት ማሳ ላይ ይወድቃል፤ ሥራቸውም ውሃውን ይመጠዋል። ጎረቤቱ “ቁረጡልኝ” ሲል አማቴ “በመሬቴ ላይ ነው” አሉ። ለቅሶ ቤት እንኳ ጥግና ጥግ ነው የሚቀመጡት።

አናቢው ይህን ሲሰማ አልተቆጣም፤ ምክርም አልሰጠም። “አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለ አማቴን በአክብሮት። “ንቤ የእርስዎን አጥር አያውቅም። ጠዋት ከዚህ ወጥቶ እዚያ ይውላል። የእርስዎ አፕል ላይ መርዝ እንደሌለ አይቻለሁ። እሱ ጋ ምን እንዳለ ግን እርስዎም አያውቁም። ሁለታችሁ ካልተነጋገራችሁ ቀፎዬን አላመጣም።” ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

ያን ምሽት እሳት ዳር ብዙ አልተወራም። እኔ አማች ነኝ፤ በዚህ ነገር አፍ የለኝም። ባለቤቴ ግን የአባቷን እግር እያሸች “አባባ፣ ለአያቴ ዛፍ ነው የመጣነው፤ ለባሕር ዛፉ አይደለም” አለቻቸው። መልስ አልሰጧትም። ጠዋት ግን ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ወደ ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ አየን።

የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ጠብ ማብረዳቸው በአገር የታወቀ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አርባ ምንጭ ላይ በቁጣ የወጣ ወጣት ፊት ሣር ይዘው ተንበርክከው ሲመልሱት መላው ኢትዮጵያ አይቷል። የእኛ ጉዳይ ትንሽ ነው፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። ዱቡሻ ከሚባለው የመሰብሰቢያ ሜዳ ላይ ተቀመጡ። የሚናገረው ይናገራል፣ ሌላው አያቋርጥም። ባለቤቴ ጆሮዬ ላይ ትተረጉምልኝ ነበር። ጎረቤቱ እንደፈራሁት ክፉ ሰው አልነበረም። ድንቹን በሽታ ሲመታበት ልጆቹን የሚያበላው እንደሚያጣ፣ የሚረጨውም ለዚያ እንደሆነ ተናገረ። ስለ ንብ የራሱ ስጋትም ነበረው፤ የታሰረ ፈረስ ንብ ከወረደበት መሸሻ የለውም።

አናቢውም ተጠርቶ ነበርና ሁለቱንም መለሰ። ቀፎው ከጎረቤቱ ማሳ በተቃራኒ፣ ወንዙ ዳር ባለው ጥግ፣ በሩን ከመንገድ አዙሮ ይቀመጣል። ማር የሚቆረጠው በምሽት ነው፤ በዚያ ቀን ከብትና ፈረስ ራቅ እንዲል አስቀድሞ ይነገራል። መርጨትን ደግሞ አልከለከለም። “ድንችህን አታጣም” አለው። “አበባ ባለበት ላይ አትርጭ። ስትረጭም ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ንቡ ቤቱ ሲገባ ይሁን። ከአንድ ቀን በፊት ለአባባ ንገራቸው፤ እኔ ቀፎዬን የማደርገውን አውቃለሁ።” መንገር ማለት መነጋገር ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህን ሰምተው ፈገግ አሉ።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። ድንበሩ ላይ ያሉት ባሕር ዛፎች ይቆረጣሉ፤ ወንዙ ዳር ያሉት ይቀራሉ። ይቅሩ ያለው አናቢው ነው፤ አፕል ባላበበበት ጊዜ የባሕር ዛፍ አበባ ለንብ ቀለብ ነውና። የተቆረጠው እንጨት የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ይሸጠዋል። ንቡም ቀፎውም የአናቢው ንብረት ሆኖ ይቆያል። ከማሩ ሁለት እጅ ለአናቢው፣ አንድ እጅ ለአማቴ ይሆናል። አማቴ ከድርሻቸው ለጎረቤቱ ያቀምሳሉ። አማቴ እኩል ይካፈሉ የነበረውን ወደ አንድ እጅ ሲወርዱ ቅር ይላቸዋል ብዬ ነበር። “እኔ የምፈልገው አፕሉን ነው” ብለው ተነሱ።

ቀፎዎቹ የመጡት ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን፣ በሌሊት ነው። ንብ የሚጓጓዘው ሁሉም ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ቦታውም ቢያንስ ሦስት ኪሎ ሜትር መራቅ አለበት፤ ቅርብ ከሆነ ሠራተኛው ንብ ጠዋት ተነስቶ ወደ ቀድሞ ሰፈሩ ይመለሳል። ሦስት ቀፎዎች ናቸው፤ ሁለቱ ከቀርከሃ ተሸምነው በእንሰት ቅርፊት የተሸፈኑ ባህላዊ ቀፎዎች፣ አንዱ ፍሬም ያለው ሣጥን። ከባህላዊ ቀፎ በአንድ ቆረጣ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ማር ይገኛል፤ ከዘመናዊው በደህና ጊዜ ከ15 እስከ 20። “ታዲያ ሁሉንም ለምን ሣጥን አላደረግከውም ጋሼ?” አልኩት። “ሣጥን ገንዘብ ነው። ይሄን ግን እጄ ይሠራዋል፤ ቀርከሃውም ከጓሮዬ ነው” አለኝ። የቀፎዎቹ በር በቅጠል ተወትፏል። ሰዎቹ በወሳንሳ ተሸክመው፣ ሳያናውጡ፣ ሳይነጋገሩ ሁለት ሰዓት ተጉዘዋል። ጆሮዬን ሳስጠጋ ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ የሩቅ ዝናብ ይመስላል። ጉንዳን እንዳይወጣባቸው በመደቡ እግር ዙሪያ አመድ ነሰነሱ። አናቢው ቅጠሉን ሳያወጣ ሁላችንንም ወደ ቤት አስገባን።

ከሦስቱ ቀፎዎች አንዱ ሚያዝያ ላይ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ መንጋው ኮብልሏል። አናቢው ሲነግረን እንደ ተራ ነገር ነው። ቀፎውን በጭስ አጥኖ፣ ሰም ቀብቶ፣ ዛፍ ላይ ሰቅሎ ሌላ መንጋ እየጠበቀ ነው። ሁለቱ ግን ሠርተዋል። ክረምት ላይ የመጣልን ካርቶን እንደ ድሮው ሙሉ አልነበረም፤ ግማሹን ጥቂት አልፎ ነበር። ፍሬዎቹ ግን ክብ ናቸው። ባለቤቴ በወገቡ ከቆረጠችው አንዱ ውስጥ ስምንት ዘር ቆጠርን።

ጓሮው ውስጥ ፍሬ ያለው፣ አበባ አይቶ ፍሬ ያጣ አንባቢ ካለ ከዚህ ጉዞ የያዝኩትን ላካፍለው። አናቢ ፈልጉ፤ ከሩቅ ሳይሆን የእናንተን አየር ከሚያውቅ ንብ ጋር የሚኖረውን። አድራሻውን የምታገኙት ማር ከሚሸጥበት ነው። ስለ ማር ክፍፍል ከመነጋገራችሁ በፊት ስለ መርጫ ተነጋገሩ። ስምምነታችሁ ውስጥ ጎረቤትን አስገቡ፤ ንብ ከአንድ አጥር በላይ የሆነ ሀብት ነውና የአንድ ሰው ቃል አይበቃውም። ጥሩ አናቢ የእናንተን ዛፍ ከማየቱ በፊት የእናንተን ጉርብትና ያያል።

የባለቤቴ ወንድም አሁንም ባሕር ዛፍ እንደሚሻል ያምናል። አማቴ ሌላ አንድ ዓመት ጠይቀውታል፤ እሱም ሰጥቷቸዋል። ጎረቤቱ ደግሞ ዘንድሮ ከድንቹ አጠገብ ባቄላ ዘርቶ ነበር። ባቄላው ከወትሮው ይልቅ በደንብ እንደያዘለት ለአማቴ ነግሯቸዋል። ባለፈው ወር አናቢው ቀፎ ሊፈትሽ ሲመጣ መንገድ ላይ አስቆሞት፣ በእሱም አጥር ጥግ አንድ ቀፎ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቆታል አሉ።

አናቢው የመለሰለት “አጥሩን አሳየኝ” ብሎ ነው።